ለጠያቂው አንድ፣ ለኮሮጆው ሌላ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ፓርኪንግ ስሠራ ያልሰማሁት ነገር የለም። ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ተቀባይን ማንም ከሰው አይቆጥረውም። መስኮት ዝቅ ያደርጋሉ፣ ካርድ ይሰጣሉ፣ ወሬያቸውን ግን አያቋርጡም። በ2008 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ምርጫው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አንድ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር መጥቶ መስኮቴ ጋ ቆመ። ስልኩ በመኪናው ስፒከር ላይ ነበር። ለአስተያየት ጥናት የደወለች ሴት ማንን እንደሚመርጥ ትጠይቀዋለች። ኮስተር ብሎ ኦባማን አላት። አመስግና ዘጋች። ባልና ሚስት ተያዩና ከት ብለው ሳቁ። አግዳሚው ተነሳላቸው፣ ሄዱ።

ያ ሳቅ ስንት ዓመት ከጆሮዬ አልወጣም። ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ የሀበሾች የውይይት መድረክ ላይ ጻፍኩት። ጥያቄዬ አጭር ናት። ነጭ መራጭ ለጠያቂ ሲሆን ጥቁሩን እጩ እመርጣለሁ እያለ፣ ብቻውን ሲሆን ሌላውን የሚመርጥበት ጊዜ አለ ወይ? ካለስ ምን ያህል ነው? ፈረንጆቹ ነገሩን በቶም ብራድሊ ስም ይጠሩታል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩበት። እነሱ ስንት ጥናት የጻፉበትን ነገር እኛ በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ ይሉኝታ። ሰው ምን ይለኛል ተብሎ አፍ አንድ ይናገራል፣ እጅ ሌላ ይሠራል። ጻፍኩና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ አሥራ ምናምን መልስ ተደርድሯል። በሳምንቱ አርባ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። መላሾቹን በመልሳቸው ተራ ቁጥር ልጥራቸው።

ቁጥር 1 ሎስ አንጀለስ የምትኖር ሴት ናት። በትህትና ጀምራ፣ የሰውዬውን ስም ጠርቼ ማን እንደሆነ ሳልናገር ማለፌን ወቀሰች። እውነቷን ነው። እሷ እንደምትለው ከአገር ቤት የምትመጣ እናቱን አበባ ይዞ በአየር ማረፊያው የቶም ብራድሊ ተርሚናል ያልጠበቀ የሎስ አንጀለስ ሀበሻ የለም፤ ቶም ብራድሊ ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም ነው። ከዚያ ታሪኩን አወጋችው። ቴክሳስ ውስጥ የጢሰኛ ልጅ ሆኖ ተወለደ። ሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሆነ፣ እስከ መቶ አለቃነት ደረሰ። በ1969 ለከንቲባነት ተወዳድሮ በመጀመሪያው ዙር መራ። በሁለተኛው ዙር ተፎካካሪው ሳም ዮርቲ ነጮቹን በጥቁር ከንቲባ ሲያስፈራራ ከርሞ አሸነፈው። በ1973 ግን ብራድሊ መልሶ ጣለውና 20 ዓመት ከንቲባ ሆነ።

በ1982 ለካሊፎርኒያ አገረ ገዢነት ቀረበ። ጥናቶቹ ሁሉ እሱ ይመራል ይሉ ነበር። የምርጫው ምሽት ላይ ከድምፅ መስጫው የወጡ ሰዎች ተጠይቀው ብራድሊ አሸንፏል ተባለ። ሲነጋ አሸናፊው ነጩ ሪፐብሊካን ጆርጅ ዱክሜጂያን ሆነ። ልዩነቱ ከ7 ሚሊዮን ተኩል በላይ ድምፅ ውስጥ 93 ሺህ ገደማ ብቻ። ለእሷ ይህ ነጮቹ ለጠያቂ መዋሸታቸው ነው። ሴትዮዋ ይህንን ስትጽፍ ቁጭቷ ይታያል፤ ገና አሜሪካ ሳትመጣ የሆነ ነገር መሆኑን ራሷ ትናገራለች እኮ።

ቁጥር 2 ለሁላችንም እግዜር ይስጥልን ብሎ፣ የምሠራበት ፓርኪንግ ሰው ይቀጥር እንደሆነ ጠየቀ። አሁን እዚያ እንደማልሠራ በውስጥ ነገርኩት።

ቁጥር 3 የቁጥር ሰው ነው። ስድብ የለበትም፣ ግን ያስጨንቃል። የቁጥር 1 ታሪክ ልብ የሚነካ ቢሆንም መደምደሚያው ልክ አይደለም ባይ ነው። ብራድሊ በዕለቱ ጣቢያ ሄደው ከመረጡት ዘንድ አሸንፏል። የጣለው በፖስታ የተላከው ድምፅ ነው። ሪፐብሊካኖቹ በዚያ ዓመት በፖስታ ላይ ብርቱ ሥራ ሠርተው ነበር፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ደግሞ ቤቱ ሆኖ የመረጠውን ሰው አያገኘውም። ሌላም አለ። በዚያው ቀን ሽጉጥን የሚገድብ ሕግ፣ ቁጥር 15 የሚባለው፣ ለሕዝብ ውሳኔ ቀርቦ ስለነበር መሣሪያ ወዳዱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ሕጉን ጣለው፣ በዚያው ብራድሊንም ጣለው። ለዱክሜጂያን ጥናት ይሠራ የነበረው ላንስ ታራንስ የሚባል ሰውም ልዩነቱ በመጨረሻዎቹ ቀናት እየጠበበ መምጣቱን በራሱ ጥናት ማየቱን በኋላ ጽፏል። ስለዚህ ለቁጥር 3 የብራድሊ ክስተት ማለት ጥናቱ ደካማ በነበረበት ዓመት የተወለደ ተረት ነው።

ይህን ሳነብ ግማሽ ልቤ ተቀበለው። ግማሹ ደግሞ ያን ሳቅ ያስታውሳል።

ቁጥር 4 ላይ ነገሩ ከረረ። የዚህ ሰው አጻጻፍ ፊት ለፊት ነው። በየቁጥቋጦው ዘረኛ የሚታየኝ ሰው እንደሆንኩ ጻፈ። ጥናቶቹ ኦባማ በ7 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ይመራል አሉ፣ በ7 ነጥብ ገደማ አሸነፈ፣ በቃ፣ የተደበቀው ዘረኛ የት ሄደ ነው ክርክሩ። አሜሪካ ሥራ፣ ቤትና ወረቀት ሰጥታን ገበናዋን የምናወራው እኛ ነን እያለም ወረፈን። ለመመለስ እጄን አነሳሁና ተውኩት። ለካስ ጋሼ ቀድመውኛል።

ጋሼ ማለት ቁጥር 5 ናቸው። መድረኩ ላይ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በ1989 ሪችመንድ ታክሲ ይነዱ ነበር። ሪችመንድ እንግዲህ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ባርነትን ለማስቀጠል የተዋጋው የደቡብ ወገን ዋና ከተማ የነበረች ናት። በዚያ ዓመት የባሪያዎች የልጅ ልጅ የሆነው ዳግላስ ዋይልደር ለቨርጂኒያ አገረ ገዢነት ተወዳደረ። ጥናቶች በ10 ነጥብ ገደማ ያስቀድሙት ነበር። ጋሼም ነጭ ተሳፋሪ በጫኑ ቁጥር ወሬ እያነሱ ይጠይቁ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ ዋይልደርን አልመርጥም አላላቸውም። ውጤቱ ሲመጣ ዋይልደር አሸነፈ፣ ግን በ1.8 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ውስጥ 7 ሺህ በማይሞላ ልዩነት። እንደገና እስኪቆጠር ድረስ አገሩ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። በዚያው ዕለት ኒው ዮርክ ላይም ለከንቲባነት የተወዳደረው ጥቁሩ ዴቪድ ዲንኪንስ ነጩን ሩዶልፍ ጁሊያኒን በሰፊው ያሸንፋል ተብሎ ከ3 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ለጥቂት ተረፈ።

የጋሼ ጽሑፍ የጣመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የዋይልደርን ምርጫ ያጠኑ ምሁራን አንድ ነገር አግኝተዋል። ጠያቂው ጥቁር ሲሆን ዋይልደርን እመርጣለሁ የሚለው ነጭ ይበዛል፣ ጠያቂው ነጭ ሲሆን ይቀንሳል። ጋሼ ይህን ከሰሙ ወዲህ በራሳቸው ይስቃሉ። መሪ ይዞ በመስታወት እያየ የሚጠይቅ ጥቁር ሹፌር ምን መልስ ይጠብቃል? መንገዱ ገና ነው፣ ቲፕም አለ። ተሳፋሪዎቹ የነገሯቸው ስለ ዋይልደር ሳይሆን ስለ እሳቸው ነበር።

የእኔ ሰውዬ ግን እኔው ፊት ነው የሳቀው። ዳስ ውስጥ ላለ ሰው ይሉኝታም አይደርሰው።

ከ6 እስከ 8 ያሉት ጋሼን ማመስገን ነው። 7 ላይ ያለው ብቻ አንድ ቁም ነገር ጣል አድርጓል። ዳንኤል ሆፕኪንስ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ከ1989 እስከ 2006 የነበሩትን የሴኔትና የአገረ ገዢ ምርጫዎች መርምሮ፣ በጥናቱና በውጤቱ መሃል የነበረው ክፍተት ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጠፍቷል ብሏል። ስለዚህ ቁጥር 4ም ጋሼም በየዘመናቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን የጻፈው ሰው ሁለት ሰው ማስታረቅ የሚወድ ዓይነት ነው። ማንም አልሰማውም።

ቁጥር 9 አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም፣ በዝርዝር ይጽፋል። ሰው የሚዋሽ ከሆነ ውሸቱ እንዴት ይለካል ለሚለው መልስ ሰጠ። ዘዴው እንዲህ ነው። ሰዎችን በዕጣ ሁለት ቦታ ይከፍሏቸዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ነገር ይነበብላቸዋል፤ መንግሥት የቤንዚን ግብር መጨመሩ፣ የስፖርተኞች የሚሊዮን ዶላር ደሞዝ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች አካባቢ መበከላቸው። ከነዚህ ስንቱ ያናድድሃል ነው ጥያቄው። የትኛው አይባልም፣ ስንት ብቻ። ለሁለተኞቹ እነዚያው ሦስቱ ይነበቡና አራተኛ ይጨመራል፤ አጠገብህ ጥቁር ቤተሰብ መግባቱ። ሰውዬው ሦስት ቢል የትኞቹ ሦስት እንደሆኑ እግዜርና እሱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ስለዚህ አይሸማቀቅም። የመጀመሪያዎቹ መልስ በአማካይ 2 ሆኖ የሁለተኞቹ 2.4 ቢሆን ግን፣ ከመቶው 40ው በአራተኛው ነገር ተናዷል ማለት ነው። ማንም ራሱን ሳያጋልጥ መንደሩ ይጋለጣል።

በ1990ዎቹ ይህ በእውን ተሠርቶ፣ ከደቡብ ነጮች 42 ከመቶ ያህሉ በጥቁር ጎረቤት እንደሚናደዱ ተገምቷል። ከደቡብ ውጭ 10 ከመቶ ገደማ ነበር። እኔ ከክሩ (ከመልሶቹ ድርድር) ሁሉ የወደድኩት ይህንን መልስ ነው። ይሉኝታን ለመስበር ሰውን መጋፈጥ አያስፈልግም፣ መደበቂያ መስጠት ይበቃል። የእኛ አገር ሽማግሌዎችም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም።

ቁጥር 11 ወደ ቁጥር 4 ዞረ። አንደበቱ ስለት ነው። አሸነፈ ማለት አልጎዳውም ማለት እንዳልሆነ፣ አንድ እግሩ ታስሮ ሮጦ የቀደመ ሰው መታሰሩን እንደማያስቀረው ጻፈ። ከዚያ ሴዝ ስቲቨንስ-ዴቪዶዊትዝ የሚባል የኢኮኖሚ ተመራማሪን ሥራ አነሳ። ሰውየው መራጭ አልጠየቀም። ጉግል ላይ ጥቁሮችን የሚሰድበውን ቃል ሰው በየትኛው አካባቢ በብዛት እንደሚፈልግ አየ። ማታ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ለጉግል ምን ይሉኝታ አለው? ቀጥሎ እዚያው አካባቢ በ2004 ጆን ኬሪ፣ በ2008 ደግሞ ኦባማ ያገኙትን ድምፅ አወዳደረ። ፍለጋው በበዛበት ኦባማ ከሚጠበቀው በታች ሆነ። ግምቱ በአገር ደረጃ 4 ነጥብ ገደማ አጥቷል የሚል ነው። ከፍለጋው ቀዳሚዎች አንዷ ደግሞ የጥልቁ ደቡብ ግዛት ሳትሆን ዌስት ቨርጂኒያ ናት። በመኪና ሁለት ሰዓት ነው ከእኛ።

ቁጥር 4 ይህንንም አልተቀበለም። ቁጥር 13 ላይ ተመልሶ፣ ኦባማን ሁለት ጊዜ መርጠው በ2016 ትራምፕን የመረጡ ነጮች እንዳሉ አስታወሰን፤ እነሱንም ድብቅ ዘረኛ ልትሏቸው ነው ሲል ተፈታተነ። ደህና ጥያቄ ናት፣ የመጣችው ግን በስድብ ታጅባ ስለሆነ ሁሉም ስድቡን መለሰ።

በመሃል ቁጥር 12 የጻፈችው ተዘለለ፤ ያሳዝናል። የእሷ ሐሳብ ነገሩ የተደበቀው ከጠያቂው ብቻ ሳይሆን በቃላትም ውስጥ ነው የሚል ነው። ማስረጃ ያደረገችው የሪፐብሊካን ፓርቲ የምርጫ ስልት አዋቂው ሊ አትዋተር በ1981 የሰጠውን ቃለ ምልልስ ነው። አትዋተር ሳይሸፋፍን እንዳስረዳው፣ በ1954 ደቡብ ላይ ጥቁርን በስድቡ መጥራት ድምፅ ያስገኝ ነበር፤ በ1968 ግን ያው ስድብ ተናጋሪውን ይጎዳል። ስለዚህ ስለ ግዛቶች መብት፣ ጥቁርና ነጭን ለማቀላቀል ተማሪን በአውቶቡስ ስለማዘዋወር፣ በኋላ ደግሞ ስለ ግብር ቅነሳ ይወራል። ቃሉ እየራቀ ይሄዳል፣ የሚጎዳው ያው ሰው ነው። ይኸው ሰውዬ በ1988 የትልቁን ቡሽ ዘመቻ መራ። በፈቃድ ወጥቶ ወንጀል የሠራ ዊሊ ሆርተን የሚባል ጥቁር እስረኛ ፎቶ፣ የቡሽን ተፎካካሪ ለማሳጣት፣ በየቴሌቪዥኑ የታየው ያኔ ነው። በ1990 ደግሞ ሰሜን ካሮላይና ላይ ነጩ ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ከጥቁሩ ሃርቪ ጋንት ጋር ሲፎካከር፣ የነጭ እጅ የሥራ መከልከያ ደብዳቤ ሲጨመድድ የሚያሳይ ማስታወቂያ አወጣ። ለጥቁር ስለሚመደብ የሥራ ኮታ ነበር የሚያወራው። ሄልምስ አሸነፈ።

አትዋተርን ያነሳችው ልጅ ሰምና ወርቅ የሚል ቃል ስለተጠቀመች ቁጥር 14 በዚያ ብቻ ተነሳባት። ቅኔን ከነገር መሥራት ጋር ማነካካት ነውር ነው ብሎ ቆጣ። ከዚያ ዘር ወደሚለው ቃል ገባ። አማርኛ ላይ ዘር ማለት የቆዳ ቀለም እንዳልሆነ፣ ዘረኝነት ሲባል የአገር ቤት ሰው ትዝ የሚለው ሌላ ነገር እንደሆነ ጻፈ። እስካሁን ትክክል ነው። 15 እና 16 ግን ይህችን ቀዳዳ አግኝተው አገር ቤት ፖለቲካ ውስጥ ዘለው ገቡ። ማን ለማን በምን እንደመረጠ፣ በ2005ቱ (በእኛው አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም.) ምርጫ ማን ማንን እንደከዳ ሲነታረኩ አድሚኑ ሁለት መልስ አጠፋ። ምን እንደነበሩ አይቻለሁ። መጥፋት ነበረባቸው።

ቁጥር 17 ክሩን መለሰችው፣ ወደማንፈልገው ቦታ ነው እንጂ። አሜሪካ ያደገች ወጣት ናት፣ አማርኛዋ ይንገዳገዳል፣ ሐሳቧ ግን ቀጥ ያለ ነው። በነጭ ሆድ ውስጥ ያለውን ስንቆፍር የራሳችንን ሆድ ማን ይየው ነው ነገሯ። እናቷ ቤት ሲፈልጉ ጥቁር የሚበዛበትን ሰፈር እንዴት እንደሚያልፉት ጻፈች። አጎቷ እኛ ሀበሻ እንጂ ጥቁር አይደለንም የሚሉትን ጻፈች። በቡና ሰዓት፣ ልጆቹ አይሰሙም ሲባል፣ የምትወጣ አንዲት ቃልም አለች። ሁላችንም እናውቃታለን፣ እኔም እዚህ አልጽፋትም። ያቺን ቃል የሚጠቀም ሰው ስለ ኦባማ ሲያለቅስ አይታዋለች።

ለዚህ መልስ ማንም አልሰጠም። ሃያ ሰዓት ያህል ክሩ ዝም አለ። እንደዚያ ዝም ሲል ያየሁት አንዴ ብቻ ነው።

ዝምታውን የሰበረው ቁጥር 18፣ ከእስራኤል የጻፈ ሰው ነው። እዚያ መራጩ ሰው ሳይሆን የፓርቲ ዝርዝር ነው የሚመርጠው። 120 ወንበር በዝርዝር ይከፋፈላል። ስለዚህ መራጭ ቤተ እስራኤል እጩን ልጥላት ቢል እንኳ ለብቻዋ አያገኛትም፤ ጥያቄው ፓርቲው ዝርዝሩ ላይ ስንተኛ አደረጋት የሚለው ነው። አዲሱ መሰለ በ1996 በሌበር ፓርቲ በኩል ክኔሴት (ፓርላማቸው) ገባ። ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 ገባች፣ በ2020 ሚኒስትር ሆነች። በመሃል፣ የክኔሴት አባል እያለች፣ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልስጥ ብላ ስለ ትውልዷ ተከልክላለች። ጸሐፊው እንደሚለው እነሱ ዘንድ ድብቁ ነገር ከኮሮጆው በፊት፣ ዝርዝሩ በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ይህን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም።

ከ19 እስከ 30 ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አንዱ በ1998 የተጀመረውን፣ የተደበቀ አድልዎ ይለካል የሚባለውን የኢንተርኔት ፈተና አመጣ፤ የጥቁርና የነጭ ፊት፣ ጥሩና መጥፎ ቃል በግራና በቀኝ ቁልፍ በፍጥነት የሚለይበትን። ሰዉ ሁሉ ሄዶ ተፈተነ። ጋሼ ነጭን ወደድክ ተባሉና ቁልፉ ነው ያሳሳተኝ አሉ። ቁጥር 3 ፈተናው ለአንድ ሰው በተለያየ ቀን የተለያየ ውጤት እንደሚሰጥ፣ ሰው በኋላ የሚያደርገውንም በደካማው ብቻ እንደሚገምት አስረድቶ ሊያጽናናቸው ሞከረ። ከዚያ ስለ መነጽር፣ ከመነጽር ስለ ጤና መድን፣ ከመድን ስለ በርበሬ ዋጋ ሆነ። እንዴት እንደደረሱ አልገባኝም።

ቁጥር 31 ሲመጣ ክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቁጥር 4 ነው። ስድብ የለም በዚህኛው። ባለፈው መኸር አንዲት ሀበሻ ልጅ ወረቀት ይዛ ቤቱን አንኳኳች። ለከተማቸው ምክር ቤት ለምትወዳደር ጥቁር ሴት ነበር የምትቀሰቅሰው። የልጅቷን እናት ከቤተ ክርስቲያን ያውቃቸዋል። ውኃ ሰጣት፣ ወረቀቱን ተቀበለ፣ እጩዋን እንደሚመርጥ ቃል ገባላት። ልጅቷ ደስ ብሏት ስሙ አጠገብ ምልክት አደረገች። እሱ ግን የመረጠው ሌላዋን ነው፣ በቤት ግብር ምክንያት። ቀለም አላሰበም፣ እንደሚለው። ያፈረው ልጅቷን ነው። እንግዲህ በእናንተ ስሌት እኔም የተደበቀ ዘረኛ ነኝ ማለት ነው፣ እስቲ ፍረዱኝ ዓይነት ነገር ጽፎ ተወው።

ቁጥር 1 ፈጥና መጣች። እጩዋ የልጅቷ እናት ብትሆን፣ ሀበሻ ብትሆን፣ ግብሩ ያን ያህል ይከብደው እንደነበር ጠየቀችው። ጥያቄዋ ለስላሳ ይመስላል፣ አይደለም። አልመለሰላትም። እስከ ዛሬ አልመለሰላትም።

እኔም በመጨረሻ ቁጥር 37 ላይ ገባሁ፣ ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝና። ያ ሰውዬ ምን እንዳሳቀው እንደማላውቅ ጻፍኩ። ጠያቂዋ ላይ እየቀለደ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ልኩን ሪፐብሊካን ኖሮ ያቺን መልስ ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ሆኖ፣ ሚስቱም ያን ሰምታ ይሆናል። ቨርጂኒያ በዚያ ኅዳር ኦባማን መርጣለች፤ ለፕሬዚዳንትነት ዴሞክራት ስትመርጥ ከ1964 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ካርዱን ስመልስለት ማንን እንደሚመርጥ መጠየቅ እችል ነበር። ምን ብሎ እንደሚመልስልኝ ግን ጋሼ ነግረውኛል።